የታጠበው ወዝ

ነጭ ክር አልቆብኝ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ብቅ ባልኩበት ረፋድ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ነጭ በነጭ ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ከባለሱቁ ጋር ስለ ሳሙና ሲሟገቱ ደረስኩ።

«ከዚህ የሚበረታ የለህም ወይ ነው የምልህ!»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ግራሶ የነካው ቱታ የሚያስለቅቅ ሳሙና ነው። ከዚህ የባሰ ከፈለጉ እጅዎንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።»

«ቀልድህን ተወውና ስማኝ። ታጥቦ ሲያሹት ሲጢጥ ሲጢጥ ካላለ ጠራ አይባልም። ይኼ ያንተ ሳሙና ሲጢጥ አያሰኝም።»

«ነጭ በነጭ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው አጥበው ያሰጡት አንሶላ ዓይን ያጥበረብራል ይባልላቸው ነበር፤ ዝንብ እንኳ ለማረፍ ታፍራለች ብለው የሚቀልዱም ነበሩ። አሁን የሚያጥቡት ሆቴል የለም። የቀረቻቸው አንዲት ሰው ናት፤ ባለቤታቸው። እትዬን የደም ግፊት ድንገት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸውን ከያዘባቸው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ልጅ አልወለዱም፤ ሠራተኛም አልቀጠሩም። ጋሼ ራሳቸው ያጎርሳሉ፣ ራሳቸው ያገላብጣሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ። ሰፈሩ «ባል ማለት እንዲህ ነው» እያለ ይመርቃቸዋል። እኔም ግድግዳ የምጋራቸው ልብስ ሰፊ ነኝና ምርቃቱ ላይ ድምፄን አልነፈግኳቸውም።

ክሬን ተቀብዬ ልወጣ ስል የእትዬ የእህት ልጅ ከነቦርሳዋ ገባች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት እነሱ ቤት ነው ያደገችው። አሁን ራቅ ባለ ከተማ፣ የገላ ቅባትና ሎሽን በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ቀማሚ ናት። ፈቃድ አግኝታ መምጣቷ ነበር፤ ባዶ እጇን ላለመግባት ብርቱካን ልትገዛ ጎራ ብላ ነው እኛ ላይ የወደቀችው።

«ሳሙናው ለምንድን ነው ጋሼ?» አለች፣ ተሳስመው ሲያበቁ።

«ለአክስትሽ ነዋ።»

«ለአንሶላዋ?»

«ለገላዋ!»

ልጅቱ ሳሙናውን ከባንኮኒው አንስታ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋን ግን አላነሣችም።

«ይኼ የልብስ ሳሙና እኮ ነው።»

«ለእኔ ነው ሳሙና የምታስተምሪኝ? ስሚ፣ ሌት ተቀን ያሳክካታል። የሚያሳክክ ገላ ደግሞ እድፍ የቀረበት ገላ ነው። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ባለፈው አየቻትና ‹ቆዳዋ እየተሰነጠቀ ነው፤ በደንብ ካልተያዘ ይመረቅዛል፤ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ማስተኛታችን ነው› ብላኝ ሄደች። በደንብ ካልተያዘ! ለእኔ! ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋትና ማታ በሚፋጅ ውሃ ነው የማጥባት። ይወስዷታል እንዴ? በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል ውስጥ፣ እኔ በጠያቂ ሰዓት ብቻ እየገባሁ፣ እሷ ብቻዋን ልትሞትብኝ? በቁሜ አይደረግም!»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ባለሱቁ ቀልዱን ዋጥ አድርጎ መደርደሪያውን መጥረግ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ ይበል። ነርሷ «በደንብ ካልተያዘ» ያለችው ሌላ፣ ጋሼ የሰሙት ሌላ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ሙያ የኖረ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያነሣው የለመደውን መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ካልሠራለት ደግሞ አጠንክሮ ይደግመዋል እንጂ አይጥለውም። ክፋት ቢሆን ኖሮ በተግሣጽ ይመለስ ነበር። ፍቅር ሲሳሳት ግን ማን ይገሥጸዋል? ልቡ ራሱ «በርታ» ይለዋል።

«ቤቱ የአክስትሽ ነው፤ ነይና በዓይንሽ እዪ» አሉና ሳሙናውን በኪሳቸው ከተቱ። ሦስታችንም ተያይዘን መንገዱን ተሻገርን።

ቤታቸው አንድ ክፍል ከነማድቤቷ ናት። በሩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው የበረኪና ሽታ ነው። አልጋው በመስኮቱ ሥር ነው፤ አንሶላው እንደ ወረቀት ተወጥሮ፣ ማዕዘኖቹ በሆቴል ወግ ታጥፈው። እትዬ ከዚያ ነጭ መካከል ከስተው ተኝተዋል። የእህታቸውን ልጅ ሲያዩ ጤነኛው የፊታቸው ገጽ ፈካ፤ ሌላው ባለበት ቀረ።

ልጅቱ ጉንጫቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠችና ቀስ ብላ ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገለጠችው። ከጉልበት በታች ያለው ቆዳ አመድማ ሆኗል፤ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ይላላጣል፤ በቅርፊቶቹ መካከል ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ረጥበዋል። በጤነኛ እጃቸው የደረሱበት ቦታ ሁሉ በጥፍር ተሞነጫጭሯል።

«አክስቴ፣ ስትታጠቢ ያምሻል?»

እትዬ መጀመሪያ ባላቸውን አዩ። ንግግራቸው ከሕመሙ ወዲህ ይጎተታል።

«አያ... መኝም።»

«ሰማሽ?» አሉ ጋሼ፣ ውሃ ሊጥዱ እየተነሡ።

«ጋሼ፣ ውሃው ይቆይና አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ እስኪ። ተምረሽ መጥተሽ የለም?»

«ሰው ወዝ አለው አይደል? እርስዎ ራስዎ ‹ወዟ ጠፋ፣ ወዟ ተመለሰ› ሲሉ ነው ያደግኩት። ያ ወዝ ከሰማይ አይወርድም። የላይኛው ቆዳችን ውሃ አቁሮ የሚይዝበት የራሱ ስንቅ አለው። ከዚያ ስንቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው አሚኖ አሲድ የሚባል ነገር ነው።»

«ምን አልሽ? አሲድ?» ጋሼ ድስቱን ይዘው ዞሩ። «ባትሪ ውስጥ የሚደረገውን? አንድ ሾፌር ባትሪ የፈሰሰበት ሱሪ አምጥቶልኝ ነበር፤ ነክሬ ሳወጣው ኪሱ ብቻ ቀረኝ። ‹ሱሪዬስ?› ቢለኝ ‹ኪስህን ተቀበል፣ ለሳንቲም መያዣ ይሆንሃል› አልኩት። እሱን ነው ለሚስቴ የምትመኚላት?»

እትዬ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

«ስሙ አያስደንግጥዎ። ሎሚም አሲድ አለው፣ ጨምቀው ይጠጡታል። አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው፤ እንቁላል ሲበሉ፣ ባቄላ ሲበሉ የሚያገኙት ነው። ቆዳችንም የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ከላይ ከላይ ያለው ሲያረጅ ይፈርስና ጡቦቹ ይበተናሉ፤ የተበተኑት ጡቦች ደግሞ ውሃ ስበው ይይዛሉ። ቆዳ የሚለሰልሰው ያ ውሃ ስላለ ነው። ችግሩ ጡቦቹ ራሳቸው በውሃ መሟሟታቸው ነው። የሚፋጅ ውሃና ብርቱ ሳሙና መጀመሪያ ከላይ ያለውን ስብ ይገፈዋል፤ ክዳኑ ሲነሣ ያ ስንቅ ታጥቦ ይሄዳል። የሽማግሌ ቆዳ ደግሞ እንደ ልጅ ቆዳ ፈጥኖ አይተካም። ጠዋት ያጠቡትን ሳይተካ ማታ ይደርስበታል፤ ማታ የተረፈችውን ጠብታ ያጥቧታል።»

«እኔ የማጥበው እድፍ ነው እንጂ ወዝ አይደለም!»

«እድፉማ ድሮ ወጥቷል ጋሼ። ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው ምን ይመስልዎታል? ወዙ ማለቁን የሚናገር ድምፅ ነው።»

ጋሼ ድስቱን አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ተነካ ሰው ፈጠን ብለው፣ «በይ መድኃኒትሽን አውጪው፤ ባዶ ቦርሳ ይዘሽ አልመጣሽም» አሉ።

ነጭ ብልቃጥ አወጣች። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ ምንም አይሸትም። በሁለት ጣታቸው አሻሹት።

«ቅባት ነው።»

«ቅባትም አለው፣ አሚኖ አሲዱም አለው።»

«ቅባት ያቆሽሻል። ቅባት የተቀባ እንግዳ በተኛ ቁጥር ከአንሶላው ጋር ስታገል የኖርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ የእናንተን ማስታወቂያ አላየሁም መሰለሽ? ባለፈው አንዷ ፊቷን ተቀብታ በሳምንቱ የልጇ ታናሽ ሆና ብቅ አለች። እናትና ልጅ ማን ማንን እንደሚታዘዝ ግራ ገብቷቸዋል!»

«እሱ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሻጭ ያጋንናል፤ አሚኖ አሲድ የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈበት ብቻ ሁሉም ደግ አይሆንም። ይኼኛው ሰው አያድስም። አክስቴንም ከአልጋ አያነሣትም፤ ያነሣታል ብል ፈጣሪ ይታዘበኛል። የሚችለው ትንሽ ነገር ነው። ከላይኛው ቆዳ ላይ የጎደለውን በመጠኑ ይሞላል፣ ውሃ ይይዝላታል፣ ስቡ ደግሞ ውሃው እንዳይተን ይከድነዋል። የተከፈተው ቁስል ላይ እንኳ አይቀባም፤ እሱ የነርሷ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ለዚህች ለዚህች ምን ያከራክረናል?»

«ሐኪም ቤት እንዳይወስዷት ነዋ ጋሼ።»

ጋሼ የብልቃጡን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

«እኔ ነኝ የማስወስዳት ነው የምትዪው?» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው። «ሽንቷን የምጠርግላት እኔ፣ እንቅልፍ ያጣሁላት እኔ! በእኔ እጅ ነው የምትቆስለው?»

ልጅቱ የአክስቷን እግር መልሳ በብርድ ልብሱ ሸፈነች። እውነቱን ብትናገር ያሳደጓትን ሰው ልትገድል ነው፤ ብትዋሽ አክስቷን። እንባዋ ቀደማት።

«ብርቱካኑን ተይልን» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይኼን ግን ይዘሽ ሂጂ። ሚስቴን ለማጠብ ፋብሪካ አልቀጥርም።»

እሷ ግን ብልቃጡን የመስኮቱ ደፍ ላይ ትታው ወጣች። ለማደሪያዋ ወደ እኔ ቤት ወሰድኳት። አመሻሹ ላይ ከግድግዳው ወዲያ ውሃ ሲፈስ ሰማን፤ በውሃው ድምፅ መካከል ደግሞ አንዲት ቀጭን ድምፅ ቆረጥ ቀጠል ትላለች። ያቺን ድምፅ ዘወትር እሰማት ነበር፤ የአልጋው ሽቦ ትመስለኝ ነበር። ልጅቱ መርፌና ክሩን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አልጋ አይደለም» አለችኝ።

ጸለይኩ። ጸሎቴም ረጅም አልነበረም። ለአንድ ሰው እልኸኛ ልብ ሳይሆን የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጠው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ግቢው ውስጥ እሳት አንድደው የእትዬን አንሶላዎች በሶዳ ይቀቅላሉ። እኔ ደጃፌ ላይ የጨርቅ ጫፍ እያጠፍኩ እሰፋለሁ። ልጅቱ ወጥታ ደህና አደሩ አለቻቸውና እጅጌዋን ሰበሰበች። እሳቸውም ኩርፊያቸውን ባይተዉም አልከለከሏትም፤ ውሃ አቀበለቻቸው፣ አለቀለቀች፣ ጨመቀች። ከዚያ በርጩማው ላይ ለብቻው ተጣጥፎ የነበረውን የእትዬን የሱፍ ሻል አነሣችና ወደሚፈላው በርሜል ልትጨምረው እጇን ዘረጋች። አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

«ኧረ ተይ! ተይ አንቺ ልጅ!» ጋሼ ዘለው ከእጇ ነጠቋት። «ሱፍ እኮ ነው! አብደሻል?»

«ታዲያ ሱፍ ቢሆንስ?»

«ሱፍ ቢሆንስ ትላለች! ዕድሜ ልክሽን ከእኔ ቤት አድገሽ!» እልኻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሙያ ኩራት ዞረ። «ጥጥ ፍላቱንም ሶዳውንም ይችላል፤ እየቀቀልሽው ይነጣል። ሱፍ ግን የፍጡር ገላ ነው፤ በግ ለብሶት የኖረ ነው። እሳት የነካው ውሃ ካየ ይኮማተራል፣ ሶዳ ካየ ይሻክራል፣ ይደርቃል፣ እንደ ጆንያ ይሆንብሻል። ሐርም እንደዚሁ። የሱፍ ውሃ ለብ ያለ ነው። ሳሙናውም ለስላሳ፣ ያውም ጥቂት። አይፈተግም፤ ተጫን ለቀቅ፣ ተጫን ለቀቅ ነው። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን ታስጠጪዋለሽ። ሆቴል ውስጥ ሱፍና አንሶላ አንድ ላይ የዘፈዘፈ ሠራተኛ ካገኘሁ በዚያው ቀን ነበር የማባርረው፤ ምክንያቱም አንዴ ወዙ ከወጣ...»

ቆሙ።

ሻሉ በደረታቸው ላይ እንደታቀፈ ሕፃን ነበር። በርሜሉ ሥር እንጨት ተንጣጣ። ልጅቱ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች፤ ድምፅዋ የማሸነፍ ድምፅ አልነበረም።

«ሱፍ ከምን እንደተሠራ ያውቃሉ ጋሼ? ከፕሮቲን ነው። ሐርም ከፕሮቲን ነው። ጡባቸው ትናንት የነገርኩዎት አሚኖ አሲድ ነው። ጥጥ የተክል ልጅ ስለሆነ ፍላት ይችላል። የሰው ቆዳ ግን የሱፍ ዘመድ ነው። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩትን እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል።»

«አንሶላ አደረግኳት» አሉ ጋሼ። የተናገሩት ለእኛ አይመስልም። «እኔ እሷን... አንሶላ አደረግኳት።»

ሻሉን ለልጅቱ አስታቅፈው ገቡ። በሩን አልዘጉትም፤ ስለዚህ የተባባሉትን ሁሉ ሰማን።

«አንቺ ሴት፣ ሳጥብሽ ያምሻል?»

«አያመ... ኝም።»

«ልጅቱ የለችም። እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ።»

ጋሼ አልጋው ላይ ሲቀመጡ ሽቦው ጮኸ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ መጣ፣ እየተጎተተ።

«ይፋጃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀ... መሪያው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ጮኸሽ አልሰደብሽኝም?»

«ሌላ ጊዜ... አትነካኝም። ፈርተኸኛል፣ ከታመምኩ ወዲህ። እጅህ የሚያርፍብኝ... ስታጥበኝ ብቻ ነው። ያመኛል ብልህ... እጅህን ትወስድብኛለህ ብዬ።»

ልጅቱ ፊቷን በሻሉ ሸፈነች። እኔም ጨርቄን አስቀምጬ ወደ ሰማይ ቀና አልኩ። ሰው ለመነካት ሲል እንዲህ ያለ ዋጋ ይከፍላል ወይ? ሁላችንም በየቤታችን የተኛ ሰው አለን፤ ቀለቡንና ንጽሕናውን ካሟላን ግዴታችንን የጨረስን ይመስለናል። የተኛው ሰው ግን ከቀለቡ በፊት የሚናፍቀው ነገር አለ፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ሕመሙን ይደብቀናል።

ጋሼ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ብልቃጡን ይዘዋል።

«በይ አስተምሪኝ» አሉ፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ቀጥ ብለው ቆመው። «ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?»

«ለሱፍ የሚበቃ። እጅዎ ሳይሆን ክንድዎ ውስጠኛው ቦታ ላይ ይሞክሩት።»

«ሳሙናውስ?»

«ለብብትና ለሚያስፈልገው ቦታ ብቻ፤ ያውም ለስላሳውን። ለእግርና ለክንዷ ውሃ ይበቃታል። በቀን አንዴ ይበቃል፤ እሱም ከበዛ ቀን ይዝለሉ። ሲያደርቋት በፎጣ አይፈትጓት፤ ያስጠጡት። ገላዋ ገና እርጥብ ሳለ ቅባቱን ይቀቧት፤ ያን ጊዜ ያለውን ውሃ ይይዘዋል። ከደረቀ በኋላ ብቻ መቀባት ባዶ ማሰሮ መክደን ነው። እና ጋሼ...»

«እ?»

«ሳይቸኩሉ ይቀቧት።»

ቸኩለውም አያውቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግድግዳው ወዲያ የምሰማው የውሃ ድምፅ አጠረ፤ የወሬ ድምፅ ረዘመ። ጋሼ እየቀቡ ያወራሉ፤ የሆቴሉን እንግዶች ጉድ፣ በኪስ ተረስቶ አብሮ የታጠበውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንዲት ሙሽራ ያቃጠለችውን መጋረጃ። ያቺ ቀጭን ድምፅ ጠፋች። የእትዬ ጥፍር አርፎ ተቀመጠ። እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እሳቸው ሲተኙ ጋሼም ተኙ፤ ጋሼ ሲተኙ ብስጭታቸው ቀነሰ።

አንድ ቀን ልጅቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትሰናበት እኔም ነበርኩ። እትዬ በጤነኛ እጃቸው ብልቃጡን አመለከቱና እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። አንድ ጣታቸውን አጠቀሱበት፤ ከዚያ የባላቸውን እጅ ጎተቱት። በሶዳና በበረኪና የኖረ እጅ ነው፤ መዳፉ ቁርበት፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ንቃቃት። ቅባቱን እዚያ ንቃቃት ላይ አሳረፉት።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ሊስቡ።

«እንዳ... ትቧጥጠኝ ነው» አሉ እትዬ፤ በግማሽ አፋቸው እየሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ራሳቸውን ወደ አንሶላው አቀረቀሩ።

ነርሷ ተመልሳ ስትመጣ ብርድ ልብሱን ገልጣ የእትዬን እግር በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ቁስሎቹ እሷ ትታ በሄደችው መድኃኒት እየተዘጉ ነበር፤ አዲስ ግን አልተከፈተም። አመዱ ለቆ፣ ቆዳው በጣት ሲጫኑት እሺ የሚል ሆኗል።

«ምን አደረጋችሁላት?»

«ክፍል ቀየርኩላት» አሉ ጋሼ። «ከአንሶላው ክፍል ወደ ሱፉ አዛወርኳት።»

ነርሷ አልገባትም። ሐኪም ቤት ስለመውሰድ ግን ዳግም አላነሣችም።

ይህን ሁሉ ጽፌ እዚህ ባበቃው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ተናግራለች፤ ቅባት ከአልጋ አያነሣም። እትዬ ከወራት በኋላ አንድ ረፋድ አረፉ። በቤታቸው፣ በመስኮቱ ሥር፣ ጋሼ እግራቸውን እየቀቡ ስለ አንድ እንግዳ ሲያወሯቸው። «መልስ አልሰጠችኝም» አሉኝ በኋላ። «ድሮም ዝምተኛ ናት፤ እያዳመጠችኝ ነው ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ። ጨርሼ ነው ያወቅኩት።»

ኀዘኑ ገና ትኩስ ሳለ፣ የሰፈሩ ጥበቃ ሚስት ልትጠይቃቸው መጣች። እናቷ በእርጅና ከአልጋ ውለዋል፤ የእትዬን ገላ ወግ ሰምታ ኖሮ ለመጠየቅ አፈረችና ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። በመጨረሻ ግን ያለችው እንዲህ ነው፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ግን... ያን ሁሉ ደክመውላቸው አረፉ አይደል? ምን ጠቀማቸው?»

ደንግጬ አየኋት። ጋሼ ግን አልተቆጡም።

«ሞቷ የእግዚአብሔር ነው ልጄ» አሉ። «ማሳከኩ ግን የእኔ ነበር። እሱን አነሣሁላት። ቁስሏ ሳይመረቅዝ፣ ማንም ከቤቷ ሳያወጣት፣ እንቅልፏን ሳታጣ ሄደች። የመጨረሻዋን ጊዜ እጄ ሲደርስባት አልተሸማቀቀችም። ይኼ ላንቺ ትንሽ ነው?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

«አይደለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። እናትሽን በሚፋጅ ውሃ አትጠቢያቸው፤ ለብ ያለ ይሁን። የልብስ ሳሙና ገላቸው ላይ እንዳታሳርፊ። አትፈትጊያቸው። እንዳረጠብሻቸው ቅባቱን ቀቢያቸው፤ የምትገዢውን ያቺ ያሳደግኳት ልጄ ጽፋ እንድትልክልሽ እነግራታለሁ፤ ማስታወቂያውን አትስሚ። ቁስል ካየሽ ለነርሷ ተናገሪ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ከዚያ ሥራሽን አቁመሽ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ‹ያምዎታል ወይ?› በያቸው።»

«‹አያመኝም› ቢሉኝስ?»

«እንደገና ጠይቂያቸው» አሉ ጋሼ።